ከዲሲ ሳይርቅ፣ ያለ ጀልባ ዳክዬ የሚታደንበት የሕዝብ ቦታ አለ?

የአራተኛ ፎቁ፦
ሰላም ወገን። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የአደን ደኅንነት ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ የሜሪላንድ ፈቃድም አውጥቻለሁ። አምና የሥራ ባልደረባዬ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ኢስተርን ሾር ወስዶኝ የዳክዬ አደን አስለመደኝ። ያ ግን የግል እርሻ ነው፤ የሚጠይቁት ገንዘብ አይቀመስም። በዚያ ላይ ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ መሻገር አለ። ጀልባ የለኝም፣ ቢኖረኝም አፓርታማ ውስጥ የት አደርገዋለሁ? የፖቶማክ ወንዝ እዚሁ አጠገባችን እያለ ማንም ገብቶ የሚያድንበት ቦታ ይጠፋል? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ረግረጌ፦
ወንድሜ፣ ውኃውማ ሞልቷል። ጣጣው ዳርቻው የማን ነው የሚለው ላይ ነው።

ዲሲ ውስጥ አደን የለም፣ እርሳው። ከዲሲ በታች ወንዙ ይሰፋል፣ ዳክዬም አለ። ግን በሜሪላንድ ባለዳርቻዎች ፊት ለፊታቸው ያለውን ውኃ ለአደን መደበቂያ ፈቃድ ያወጡበታል። ባዶ መስሎህ የቆምክበት ውኃ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። በቨርጂኒያ ደግሞ ተንሳፋፊ መደበቂያ ይዘህ ከገባህ፣ ፈቃድ ካለው ቋሚ መደበቂያ 500 ያርድ መራቅ አለብህ። ለጀማሪ፣ ያውም ያለ ጀልባ፣ ይኼ ራስ ምታት ነው።

ለአንተ የሚሆነው ማኪ ቤሸርስ የሚባለው የሜሪላንድ የዱር እንስሳት ቦታ ነው። ሪቨር ሮድን ይዘህ ሴኔካን አልፈህ፣ ወደ ፑልስቪል ሳትደርስ። ጁላይ ላይ ሐበሻው በሱፍ አበባ መሐል ፎቶ የሚነሳበትን ታውቀው የለ? እሱ ራሱ ነው። አበባው ለኢንስታግራም የተዘራ እንዳይመስልህ፤ ዋኖስና ሌላው አውሬ ፍሬውን እንዲለቅም ነው። ቦታው የግዛቱ ነው፣ ወደ 2,000 ኤከር ይጠጋል፤ በእግርህ ገብተህ ታድናለህ።

ዋናው ነገር ጫካው ነው። ዝቅ ያለው ክፍል ዙሪያው በአፈር ግድብ ተከቧል። ቅጠል ከረገፈ በኋላ ውኃ ይሞሉታል፣ ጸደይ ሲመጣ ዛፎቹ እንዳይሞቱ ያፈሱታል። የኦክ ፍሬው ውኃው ውስጥ ይወድቃል፣ ውድ ዳክ የሚባለው ባለቀለም ዳክዬ እሱን ፍለጋ ይመጣል። አመጣጡ ግን ፋታ አይሰጥም። ገና ጎህ ሲቀድ በግንዶቹ መሐል እየተጠማዘዘ ይወረወራል፣ ሴቷ ሲጢጥ እያለች ትጮኻለች፣ ጠመንጃህን ሳታነሳ አልፈውሃል። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በጨለማ ገብተህ ቦታህን ይዘህ ጠብቅ።

ቦቲ አይበቃም፤ እስከ ደረት የሚደርሰውን ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ ዌደር የሚሉትን ግዛ፣ ቀበቶውን ደግሞ ጥብቅ አድርገህ እሰር። ብትወድቅ ውኃ እንዳይሞላብህ ነው። ዱላም ያዝ፤ ከሥር የወደቀ ግንድ አለ፣ አይታይህም።

አሁን ልብ በል። በቦታውና በወንዙ መሐል የሲ ኤንድ ኦ ካናል ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ እዚያ አደን ክልክል ነው። ብርዱ ሲጠና ጫካው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፣ ዳክዬው ወደ ወንዙ ይሄዳል። ተከትለኸው እንዳትሄድ! ያን ቀን ቤትህ ተኛ፣ ወይ ደግሞ ወደ ላ ፕላታ ወርደህ ሜርትል ግሮቭን እይ፤ እሱም የግዛቱ የአደን ቦታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በየዛፉ ሥር የእጅ ባትሪ ነው። ከቻልክ በሥራ ቀን ሂድ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ከሰዓት ያለ ጠመንጃ ዞር ዞር በልና የት እንደሚያርፉ አጥና።

የ25 ዶላሩን የፌዴራል ዳክ ስታምፕ፣ ማለትም ለውኃ ወፍ አደን የሚገዛውን ቴምብር አትርሳ፣ የሜሪላንዱ ስታምፕ ለብቻው ነው። የእርሳስ ጥይት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውኃ ወፍ ክልክል ነው። ባትተኩሰውም፣ ስታድን ኪስህ ውስጥ ከተገኘ ትቀጣለህ፤ ጃኬትህን ፈትሽ።

እማማ ከአሌክሳንድሪያ፦
አንተ ልጅ፣ ዳክዬ ደግሞ ይበላል እንዴ? እኛ ስናድግ እግሩ እንደዚያ የተያያዘ ወፍ ማን ነክቶ! ደግሞ በዚህ ብርድ ውኃ ውስጥ ቆሞ... ዶሮ ጠፍቶ ነው?

የአራተኛ ፎቁ፦
እማማ፣ ባለቤቴም ያሉትን ነው የምትለው። ድስቴን አታስነካም፣ የራሴን መጥበሻ ገዝቻለሁ።
ረግረጌ፣ ጋሼ ልበልህ መሰለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሱፍ አበባው በኩል ስንቴ አልፌ ከኋላው ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። የሌሊት ሽፍት ስለሆንኩ የሥራ ቀን ጠዋት ይመቸኛል። ግን የዳክዬው ወቅት ብዙው ከነቢያት ጾም ጋር ይገጣጠማል። ሥጋውን ምን ታደርገዋለህ?

ረግረጌ፦
ጋሼስ አልጠላም፣ ጉልበቴ ይመሰክራል። እኔ ደረቱን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ በየላስቲኩ ቀን ጽፌበት ፍሪዘር እከተዋለሁ። ገና ሲደርስ ቀጠን አድርጌ ቆርጬ በጥብስ ቅጠልና በቃሪያ ጥብስ። ብዙ እሳት አይወድም፤ መሐሉ ቀላ ሳለ አውጣው፣ አለዚያ ጉበት ጉበት ይላል። ከመጥበስህ በፊት ግን በጣትህ እየዳበስክ ሥጋው ውስጥ የቀረውን የጥይት ብረት ልቀም። እዚህ አገር ጥርስ ማስጠገን ስንት እንደሆነ ታውቃለህ።

ዌደሩን ስትገዛ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርገህ ለካው።