የጋራ ዐውደ ርእይ ረቂቅ ዕቅድ፦ የጣውላው መጠን

ጸሐፊ፦ በስብሰባው በቃል የተባለውን በጽሑፍ አስቀምጫለሁ። ማኅበሩ ስድስት የእግር ጉዞዎች ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱ አባል ከየጉዞው አንዲት ትንሽ የመሬት ገጽታ ሥዕል በዘይት ቀለም ሠርቶ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ለሁሉም የሚሆነው፣ ሥዕሉ የሚሠራበት ጣውላ 15 በ20 ሳንቲሜትር ነው። እስከ ዓርብ ተቃውሞ ካልመጣ እንደ ጸደቀ እቈጥረዋለሁ።

መሥራች አባል፦ 15 በ20 ከየት መጣ? ያለፈውን ውሳኔ አምኜ 40 የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በ13 በ18 አስቆርጬ፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ነጭ መደብ ቀብቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ደርድሬአለሁ። ይህን ወጪ ማን ሊከፍለኝ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ተወሰነ የሚሉት ነገር በቃለ ጉባኤ ላይ የለም። በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ወጪ ከማኅበሩ ካዝና አይወጣም።

መሥራች አባል፦ የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ የያዘው ማን እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

ጸሐፊ፦ መጋዝ ያነሣ ሁሉ ረቂቅ አውጪ አይሆንም።

መሥራች አባል፦ እንግዲያውስ ስሜን ከዝርዝሩ ፋቁት።

ሦስተኛ አባል፦ ለሁለት ሳንቲሜትር ይህን ያህል? በትንሽ ጣውላ የምንሠራው ብርሃኑ ሳይሸሽ ለመጨረስ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቫለንሲየን እ.ኤ.አ. በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሜዳ ላይ የሚሠራ የጥናት ሥዕል ከሁለት ሰዓት በላይ፣ የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ሥዕል ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳይፈጅ መክሯል። ይልቅስ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 በሠራቸው የደመና ጥናት ሥዕሎች ጀርባ እንዳደረገው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ በጣውላው ጀርባ የመጻፍ ግዴታ ረቂቁ ውስጥ ቢገባ ይጠቅመን ነበር።

አራተኛ አባል፦ መጠኑ ቀላል ነገር አይደለም። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ የሚደርቅ ሳይሆን፣ የተልባው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ የሚጠነክር ስለሆነ፣ ለእጅ እስኪመች እንኳ ቀናት ይፈጃል። ባለፈው ጉዞ ሁለት እርጥብ ጣውላዎችን ፊት ለፊት አጋጥሜ በቦርሳ ይዤ ብመለስ፣ የአንዱ ሰማይ በሌላው ኮረብታ ላይ ታትሞ አገኘሁት፤ ሳላቅቃቸውም ቀለሙ በሹል በሹል ተነሥቶ ቀረ። ስለዚህ ጣውላዎቹ ሳይነካኩ የሚሰኩበት፣ በውስጡ ቦይ ቦይ የወጣለት መሸከሚያ ሳጥን ያስፈልገናል። ቦዩ ለ13 ከተበጀ 15 አይገባበትም፤ ለ15 ከተበጀ ደግሞ 13ቱ ሾልኮ ይወድቃል።

አምስተኛ አባል፦ ሳጥኑን እኔ እሠራለሁ። ልኬቱን እሑድ አመጣለሁ።

አዲስ አባል፦ የመጀመሪያው ጉዞ መቼ ነው?

ጸሐፊ፦ ስለ መጋዝ የጻፍኩት ቃል መስመር ያለፈ ነበር፤ አንስቼዋለሁ። ሆኖም 15 በ20 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግማሾቻችን ለዚያ መጠን የሚሆን ፍሬም አለን።

መሥራች አባል፦ ስሜ ይቆይ። ነገር ግን 40ውን ጣውላ አልጥልም።

ሦስተኛ አባል፦ የኮንስታብልን ነገር ያነሣ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱንም መጠን ከፈቀድን ሁለት ዓይነት ሳጥን ማሠራት ግድ ነው። ለስድስት ጉዞ መጓጓዣ የተያዘው ገንዘብ ወደ ሳጥኖቹ ከተዛወረ የሚተርፈው ለሁለት ጉዞ ብቻ ይበቃል። እኔ ተቃውሞ የለኝም፤ ሳጥን ንብረት ነው፤ ጉዞ ግን ሄደው ሲመለሱ አለቀ።

አዲስ አባል፦ ከሁለቱ የመጀመሪያው መቼ ነው?

አራተኛ አባል፦ ቬርኒሽም ይታሰብበት። ቀለሙ ውስጡ ድረስ ሳይደርቅ፣ ማለትም ስድስት ወር ገደማ ሳይሞላው፣ የተለመደው ቬርኒሽ አይቀባም። እስከዚያ የምናስቀምጥበት መደርደሪያም ስለሌለን እርሱም በዚሁ ወጪ ይካተት።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ እነሆ። አንቀጽ 1፦ ማኅበሩ ሁለት መሸከሚያ ሳጥኖችና አንድ የማድረቂያ መደርደሪያ ያሠራል። አንቀጽ 2፦ ሁለት ጉዞ ይደረጋል፤ ቀኑ ሳጥኖቹ ሲደርሱ ይወሰናል። አንቀጽ 3፦ ጣውላው 15 በ20 ወይም 13 በ18 ይሆናል። ዐውደ ርእዩን ለጊዜው ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ። ልኬቱን አመጣለሁ ያሉት አባል ከተናገሩ ሁለተኛው እሑድ አልፏል፤ ስልካቸውም አይነሣም።

መሥራች አባል፦ በአንቀጽ 3 ላይ 13 በ18 ቀድሞ ይጻፍ።