የመዳብ ፍለጋ ታሪክ የጋራ ዕቅድ፦ ምዕራፍ ሁለት፣ ድባርዋና ቢሻ (የኤርትራ የመዳብ ቦታዎች)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ከተላከ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። በጉባኤው እንደተወሰነው ዓላማው በአባሎቻችን ቤት የቀሩትን የመስክ ማስታወሻዎችና ካርታዎች በስካነር ማስቀረት፣ ከዚያም በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ታሪኩን መጻፍ ነው። ከማኅበሩ የወጣው 60,000 ብርም ለዚሁ ነው። «ጎሳን ፍለጋ» በሚለው በዚህ ምዕራፍ ላይ (ጎሳን በመዳብ ክምችት አናት ላይ የሚታየው የዛገ ድንጋይ ነው) አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ አስገቡ።

መምህር፦ ይህ ርእስ መውጣት የለበትም። «ጎሳን ፍለጋ» የሚለውን የሚያነብ ሰው የሚታየው ጎሳ የሚፈልግ ሰው እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ በዚህ ዘመን ደግሞ በዚህ ቃል መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። «የዝገት ቆብ» ይባል።

የቀድሞ የቁፋሮ ኃላፊ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ጎሳን ስል ኖሬያለሁ፤ ናሙና ተሸካሚው ሳይቀር በዚሁ ስም ያውቀዋል። ቆብ ከላይ የሚደፋ ነገር ነው፤ ጎሳን ግን ከሥሩ ያለው ሰልፋይድ፣ ማለትም ድኝ ያለበት ማዕድን፣ ራሱ ተበልቶ የተረፈው አካል ነው። ፒራይቱን (የብረትና የድኝ ማዕድኑን) አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ መዳቡን አሟሙቶ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ብረቱና ወርቁ ላይ ይቀራሉ፣ የወረደው መዳብ ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃው ደረጃ በታች ካልኮሳይት የሚባል መዳብ የበዛበት ማዕድን ሆኖ ይከማቻል። ቢሻ የተመረተው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ከላይ ወርቁ፣ በ2013 መዳቡ፣ በ2016 ከታች ዚንኩ። ምዕራፉ ይህን ያስረዳ፤ ስሙን ተዉት።

መምህር፦ ናሙና ተሸካሚው አወቀው ማለት አንባቢው ያውቀዋል ማለት አይደለም። እርስዎ ሁልጊዜ መስክ የወጣ ሰው ብቻ የሚናገር ይመስልዎታል።

የቀድሞ የቁፋሮ ኃላፊ፦ መስክ ያልወጣ ሰው ስም ሲያወጣ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ገንዘብ ያዥ፦ በአንድ ቃል ሦስት ቀን አለቀ። ስካነሩን አመጣለሁ ያለው አባል ከማክሰኞ ጀምሮ መልስ አልሰጠም፤ ለትራንስፖርት የወሰደው ገንዘብም አልተወራረደም።

ካርታ ክፍል፦ ከቃሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ድባርዋ በአንድ አንቀጽ ማለፉ ነው። ቦታው ከመዳቡ በፊት በ16ኛው መቶ ዘመን የባሕር ነጋሽ፣ የሰሜኑ ግዛት ገዥ፣ መቀመጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃፓኖች ማዕድኑን ማውጣት ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ በጦርነቱ ምክንያት ጥለውት ወጡ። የካናዳው የማዕድን ኩባንያ ኔቭሰን ቢሻ ላይ የቆፈረው ከዚያ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሁለቱም ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በባሕር ወለል ላይ ከፈለቀ ፍል ውሃ የተጠራቀሙ ክምችቶች ሆነው ሳለ ዕድላቸው የተለያየው በድንጋዩ አይደለም። እኔ የምፈልገው ይህ እንዲጻፍ ነው።

የቀድሞ የቁፋሮ ኃላፊ፦ ትናንት የተናገርኩት ከልክ ያለፈ ነበር፤ መምህር ይቅር ይበሉኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ድንጋይ ፎቶ አንስቼ ልኬዋለሁ። ቡናማ ቀይ ነው፤ በውስጡ የማር እንጀራ የሚመስሉ ባዶ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል የፒራይት ቅንጣት ሟሙታ የወጣችበት ነው። በስንጥቁ ውስጥ በጥፍር የሚፈለፈል አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን፣ ማላካይት፣ ይታያል። ይህን አይቶ ጎሳ የሚያስብ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

መምህር፦ ፎቶው ግሩም ነው፤ እኔም ቃል አብዝቻለሁ። ሆኖም ነገሩ የጎሳን ብቻ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ። ካልኮሳይትን፣ የመሬት ቅርፊትን፣ የቁፋሮ ናሙናን በአማርኛ ሁላችንም በየራሳችን መንገድ ነው የምንጠራው። በመጀመሪያ የቃላት መፍቻ እናዘጋጅ፤ እኔ 40 ቃላት ዛሬውኑ ማቅረብ እችላለሁ።

ካርታ ክፍል፦ እደግፋለሁ፤ የካርታ ቃላትን እኔ እጨምራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የመፍቻው ኅትመት ከ25,000 ብር በታች አይሆንም። ከየት ይመጣል?

ጸሐፊ፦ አብዛኛው ስለደገፈው ምዕራፍ ሁለት በቃላት መፍቻ ተተክቷል፤ ገንዘቡም ከስካነሩ በጀት ይዛወራል። ርእሱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ።

የቀድሞ የቁፋሮ ኃላፊ፦ መፍቻውን አልቃወምም። ነገር ግን የድባርዋ የመስክ ደብተሮች ያሉት በጋሼ ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በዚያው በኩል ያፈስሳል። ባለፈው ክረምት ሁለቱ ረጥበው ቀለማቸው እርስ በርሱ ተዋሕዷል። ሐምሌ ገብቷል። ስካነሩ አሁን በማን እጅ ነው?