የጫጩት መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጡ ይከልከል?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ከደብረ ብርሃንም ከሸዋ ሮቢትም ዶሮ አርቢዎች "ጫጩቶቼን ደም አስቀመጣቸው፤ መድኃኒቱም አልሠራልኝም" እያሉ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጡት አምፕሮሊየምና የሰልፋ መድኃኒቶች ያለ ባለሙያ ማዘዣ መሸጣቸው ይከልከል? ከነምክንያታችሁ ጻፉ።

ዶሮ አርቢ፣ ደብረ ብርሃን፦ እኔ እቃወማለሁ። ጠዋት ክንፉን ጥሎ የተኮራመተ ጫጩት ለማታ አይደርስም። ቅዳሜና እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ የሚደርስልኝ መድኃኒት ቤቱ ብቻ ነው። ገጠር ያለችው እናትማ ማዘዣ ፍለጋ ከተማ ደርሳ እስክትመለስ ቤቷ ባዶ ይሆናል። በሌማት ትሩፋት ጫጩት አርቡ ተብለን ሕክምናው ይራቅብን?

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት፦ እህቴ፣ በሽታው ጊዜ እንደማይሰጥ አልክድም። የምፈራው ሌላ ነው። ይህ ጫጩትን ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ኮክሲዲዮሲስ ይባላል፤ የሚያመጣው አይመሪያ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው፤ ዕውር አንጀትን የሚያደማው አይመሪያ ቴኔላ ይባላል። ጫጩቷ በኩስ የተበከለ መኖ ስትለቅም ይገባል፤ ሳምንት ሳይሞላ በብዙ ሺህ ተባዝቶ ይወጣል። ደሙ ቆመ ብለን በሁለተኛው ቀን መድኃኒቱን ስናቋርጥ ወይም በግምት አሳንሰን ስንበጠብጥ፣ ደካማው ጥገኛ ይሞታል፤ መድኃኒቱን የቻለው ይተርፋል፤ ቀጣዮቹን ጫጩቶች የሚይዛቸውም የእሱ ዘር ነው። አምፕሮሊየም ገበያ ላይ የዋለው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመኖ የሚደባለቀው ሞኔንሲን ደግሞ በ1971። ለዚህ በሽታ ከወጡት መድኃኒቶች ውስጥ በዓለም ላይ ጥገኛው ያልተላመደው አላውቅም። ያሉን ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ካጣን የት እንሄዳለን?

መድኃኒት ሻጭ፣ መሀል ሜዳ፦ ዶክተር፣ አልሠራም የተባለው ሁሉ ተላምዶ ነውን? አምፕሮሊየም የሚሠራው ጥገኛው ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ መንገዱን በመዝጋት ነው። አርቢው ግን "ጉልበት ይስጣቸው" ብሎ በዚያው ውኃ ላይ ቫይታሚን ይጨምርበታል፤ የመድኃኒቱን ኃይል ራሱ ያዳክመዋል። ሌላው ለባክቴሪያ የተሠራውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ብቻ ሰጥቶ ተአምር ይጠብቃል። ይህን በቃል ማስረዳት ይቻላል፤ ክልከላ አያስፈልገውም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ስለ ቫይታሚኑ ትክክል ነዎት። ታዲያ ሲሸጡ ይህን የሚናገሩት ስንቶቹ ናቸው? ሞኔንሲን ያለበት የዶሮ መኖ ፈረስ እንደሚገድልስ? በሰሜን ሸዋ፣ ፈረስና ዶሮ በአንድ ግቢ በሚያድሩበት አገር፣ ይህን ሳይነግሩ መሸጥ ለእኔ ወንጀል ነው።

ወጣት አርቢ፣ አረርቲ፦ ሁላችሁም ስለ መድኃኒት ብቻ ታወራላችሁ። ጉዝጓዙስ? የጥገኛው ዘር ከኩስ ጋር ወጥቶ ለመብሰል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ይፈልጋል፤ ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ይበስላል። የተለመደው የቤት ማጽጃ ኬሚካል አይገድለውም። ደጋ ላይ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ደፍነን ከሰል እናነዳለን፤ የመጠጫው ውኃ ይፈሳል፣ ሰጋቱራው ይረጥባል። ርጥቡን በየቀኑ ጠርጎ ደረቅ መተካት፣ መጠጫውን ከፍ ማድረግ፣ ጫጩትን ከትልልቅ ዶሮዎች መለየት ማዘዣ አያስፈልገውም። ጥቂት በጥቂት የተጋለጠ ጫጩት ራሱ መከላከያ ያበጃል፤ ክትባቱም የተመሠረተው በዚሁ ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት፦ እስማማለሁ። ሐሳቤን ላጥብበው፦ አምፕሮሊየም ለአስቸኳይ ጊዜ ይሸጥ፤ ሻጩ ግን መጠኑንና የሚሰጥበትን ቀን በአማርኛ ጽፎ ይስጥ። ተጨርሶም ካልሠራ፣ ሌላ ፓኬት ከመግዛት በፊት ኩሱና የሞተው ጫጩት ይመርመር። ሰልፋውና በመኖ የሚደባለቁት ግን በማዘዣ ብቻ ይሁኑ።

ዶሮ አርቢ፣ ደብረ ብርሃን፦ ተጽፎ መሰጠቱን እደግፋለሁ፤ ጉዝጓዙንም ተቀብያለሁ። የቅዳሜውን ጥያቄ ግን አልመለሱልኝም ዶክተር። በእረፍት ቀን ስልክ የሚያነሳና ኩስ የሚመረምር ባለሙያ በየወረዳው ካልተመደበ፣ ሰልፋውንም ቢሆን በማዘዣ ማሰሩን አልደግፍም።