«ወላጅ ከፈቀደ ማን ምን አገባው?»

የመንዝ ልጅ፦ የ16 ዓመት ልጅ አፍንጫዋን በቀዶ ሕክምና ልታሠራ ነው ተብሎ ትናንት እዚህ ሲወራ፣ አንዱ «ወላጅ ከፈቀደ ማን ምን አገባው» ብሎ ወሬውን ዘጋው። አናደደኝ። ገና ጠንቶ ያላለቀ ፊት ላይ ቢላ ሲነሳ ዝም ይባላል?

ብሩክ ዲሲ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ልጅን ከወላጁ በላይ ማን ያውቀዋል?

የሶስና እናት፦ የእናቴን አንገት ያስነቀሰቻት አያቴ ናት። ለቁንጅና ተብሎ፣ በልጅነቷ። ወላጅ ፈቅዷል! እናቴ ግን አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ አንገቷን በነጠላ ስትሸፍን ነው የኖረችው።

ብሩክ ዲሲ፦ በእሾህና በጥላሸት የሚወጋውን ከሐኪም ሥራ ጋር አታገናኙ።

የመንዝ ልጅ፦ መሣሪያው ስለጸዳ ፈቃዱ ትክክል ይሆናል? ሴት ልጅን ሲያስገርዝ የኖረውም ወላጅ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወላጅ ፈቀደ ብሎ አላለፈውም።

ብሩክ ዲሲ፦ ግርዛትን እዚህ ማምጣት ነውር ነው! የወንድሜ ልጅ በጆሮው መሳቂያ ሆኖ ትምህርት ቤት ጠልቶ ነበር። በ11 ዓመቱ ተሠራለት፣ ሰው ሆነ። ይህም ወንጀል ነው?

ሲስተር፦ ጆሮ አብዛኛውን እድገቱን የሚጨርሰው በ6 ዓመት ገደማ ስለሆነ ቀድሞ ይሠራል። አፍንጫ ግን ይዘገያል፣ የወንድ ደግሞ ይብሳል። እኔን የሚያመኝ «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል ሁሉም ነገር አንድ ላይ መወገዙ ነው። ቃጠሎ ክፍል ሠርቻለሁ። እሳት ላይ ወድቃ አገጯ ከደረቷ ጋር የተጣበቀ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላት ትጠብቅ?

የመንዝ ልጅ፦ ሲስተር፣ እሱን ማን ከለከለ? እኔ የማወራው ስለ ጤነኛ አፍንጫ ነው።

ሲስተር፦ እንግዲያው ለይታችሁ ተናገሩ። የተቃጠለ ልጅ ያላት እናት ይህን አንብባ እንዳትሸማቀቅ።

የመንዝ ልጅ፦ ልክ ነዎት። ወደ «ፈቃዱ» ልመለስ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለቁንጅና ቦቶክስና ፊለር (የፊት መጨማደድን የሚያጠፋና ፊትን የሚሞላ መርፌ) መውጋት ወንጀል ነው፤ የእናት ፊርማ አያድንም። አንተ ባለህበት አሜሪካ እንኳ ለቁንጅና የሚገባ የሲሊኮን ጡት የተፈቀደው ከ22 ዓመት ጀምሮ ነው።

ብሩክ ዲሲ፦ ደቡብ ኮሪያስ? ልጆቹ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲጨርሱ የዓይን ቆባቸውን የሚያሠሩላቸው ወላጆቻቸው ናቸው። ልጆቻቸውን ይጠላሉ?

የሶስና እናት፦ አይጠሉም። ግን ከፋዩም ፈቃጁም ወላጅ ከሆነ፣ ልጅቷ «ዓይኔ ምን ሆነ?» ብላ ማንን ትጠይቅ? የኔዋ 15 ዓመቷ ነው። ስልኳ ላይ አፍንጫዋን አቅጥና «እንዲህ አሠሪኝ» አለችኝ። ያ አፍንጫ የእናቴ ነው። እምቢ ስላት ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ሕግ ቢከለክልልኝ እወዳለሁ።

ብሩክ ዲሲ፦ እህቴ፣ ልጅሽን ሕግ እንዲያሳድግልሽ ነው?

የሶስና እናት፦ በዚህስ ያግዘኝ። ብቻዬን ነው የማሳድጋት።