እህቴ ኤትና ላይ ስኪ ልትሄድ ነው፣ ለጀማሪ እንዴት ነው?

የበሬሳ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ እህቴ ጣሊያን ካታኒያ ትማራለች፣ የክፍሏ ልጆች ኤትና ተራራ ላይ ስኪ (እግር ላይ ረጅም ሳንቃ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት) እንሂድ ብለዋት ልቧ ሸፍቷል። ችግሩ ተራራው እሳተ ገሞራ ነው፣ እማዬ ደግሞ በፈረንጆቹ 2025 የካቲት ሰዎች ከሚፈሰው ላቫ (የቀለጠ ድንጋይ) አጠገብ በስኪ ሲንሸራተቱ የሚያሳየውን ቪዲዮ አይታ እንቅልፍ አጥታለች፣ የፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ከተሰማን ወዲህ እሳተ ገሞራ ሲባል አትወድም። ቦታውን የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ትሂድ ትቅር? ስኪ ነው ስኖውቦርድ የሚሻላትስ?

ሲሲሊ የነበርኩ፦
ወንድምዓለም፣ እዛ ከተማ ኖሬያለሁ፣ እማማን አረጋጋልኝ። ስኪው ያለበትና እሳቱ የሚወጣበት አፍ አንድ ቦታ አይደለም። አፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በደቡብ በኩል ያለው ኬብል ካር ከ1,900 ገደማ ተነስቶ 2,500 ላይ ያቆማል። ትንሽ ቦታ ናት፣ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍቷም ጥቂት ነው፣ በረዶ በደንብ ካልጣለ ላይከፈትም ይችላል፣ ግን ከላይ ሆነህ ነጩን በረዶ፣ ጥቁሩን የላቫ ድንጋይ፣ ከስር ደግሞ ባህሩን በአንዴ ስታይ የሚሰማህን እኔ ልነግርህ አልችልም። እሳቱ ይናቃል ማለቴ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2002 በሰሜን በኩል ፒያኖ ፕሮቬንዛና የሚባለውን የስኪ ቦታ ላቫ ከነሊፍቱ ከነሆቴሉ በልቶታል፣ በኋላ ነው እንደገና የተሰራው። ባለሙያዎች ካታኒያ ሆነው ሌት ተቀን ይከታተሉታል፣ ሲነሳበት ወደ ላይ መውጣት ይከለከላል። ክልከላውን ታክብር ብቻ።

የአንኮበር ጂኦሎጂ፦
ቪዲዮው ላይ ግን እናትህ ልክ ናቸው። ላቫ በረዶ ላይ ሲሄድ ከስሩ የታፈነው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳና የጋለ ድንጋይ ይረጫል፣ በፈረንጆቹ መጋቢት 2017 እዛው ኤትና ላይ እንዲህ ሆኖ ጋዜጠኞችና ጎብኚዎች ቆስለዋል። ጓደኞቿ ላቫውን እንይ ካሉ እሷ ትመለስ።
ከፍታው እንኳ እንግዳ አይሆንባትም፣ ደብረ ብርሃን ከኬብል ካሩ ጫፍ ትበልጣለች። እኛ ጋ በረዶ ተከምሮ የማይቆየው ብርዱና ዝናቡ ስለማይገናኙ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቆረጥም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ብቻ እናያለን። ሲሲሊ ሁለቱም አብረው ነው የሚመጡት።

እህት ከኖርዌይ፦
በስኪ ትጀምር። ስኖውቦርድ ሁለቱንም እግር አንድ ሳንቃ ላይ አስሮ ጀማሪን በመቀመጫው እየጣለ ያንገላታል፣ ስትወድቅ ደግሞ በእጇ ስለምትመክት የእጅ አንጓ ይጎዳል። በስኪ መጀመሪያ ማቆም ትልመድ፣ የሁለቱን ጫፍ ከፊት አቀራርባ ተረከዞቿን ወደ ውጭ ገፋ ስታደርግ ፍጥነቱ ይሞታል። አስተማሪ ትቅጠር፣ ጓደኛ ከላይ አውጥቶ ነው የሚለቃት!
ጂንስ በፍጹም፣ ጥጥ ከራሰ አይደርቅም፣ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል፣ የመንዝ በግ ሱፍ ካልሲ ካገኛችሁ ላኩላት። ሌላው የኤትና አመድ ነው፣ በረዶው ላይ ሲወርድ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስኪውን ይይዘውና ወደ ፊት ይደፋታል፣ ጠቆር ያለ ቦታ ካየች ቀድማ ፍጥነት ትቀንስ። ሄልሜትና መነጽር ታድርግ። ጣሊያን ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ግዴታ ስለሆነ እሱንም ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ጣርማበር፦
ለእማማ የሮቤል ተክለማርያምን ታሪክ ንገራቸው፣ በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ የተወዳደረ የኛው ልጅ ነው።

የበሬሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ለእማዬ አነበብኩላት፣ ካልሲውን እኔ አሰራለሁ፣ ላቫው ጋ ግን ድርሽ እንዳትል አለች። መኪና የላቸውም፣ በምን ይሄዳሉ?

ሲሲሊ የነበርኩ፦
ከካታኒያ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ጠዋት ወደ ደቡቡ በኩል የሚወጣ አውቶቡስ አለ፣ ከሰዓት ይመለሳል። የመመለሻውን ሰዓት ከመውረዷ በፊት ሾፌሩን ትጠይቅ።