«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ለአገርም ይሠራል እንዴ?

ጥያቄ አያልቅባት፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። ስለ ኤሴኪቦ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ቬንዙዌላ ከጎረቤቷ ከጉያና «የኔ ነው» የምትለው ምድር ነው። 160,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የጉያናን ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። አርታኢዬ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ርዕስ አድርጊው አለኝ። ለጆሮ ያምራል፤ ግን የሆነ ነገር ጎረበጠኝ። ተረቱ በትክክል ምን ማለት ነው? «የይገባኛል ጥያቄ» ብዬ ብተወውስ?

ባላገሩ፦
ልጄ፣ የጎረበጠሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ርስት ዛሬ ከተሜው እንደሚለው ንብረት ማለት አይደለም። በእኛ በጎጃም፣ በጎንደርም እንዲሁ፣ ርስተኛ የሚባለው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው የተወለደ ነው። አቅኚ አባት እንለዋለን። በእናትም ይሁን በአባት ቆጥሮ እሱ ዘንድ የደረሰ ርስተኛ ነው። ያልደረሰ ዕድሜውን ሙሉ ቢያርሰውም ርስተኛ አይባልም።

«በሺህ ዓመቱ» የተባለው ለዚህ ነው። አያቱ በረሃብ ወይም በጠብ ከአገር የወጣ ሰው አንድ ቀን ይመጣል። ሽማግሌ ፊት ቆሞ እከሌ እከሌን ወለደ እያለ ይቆጥራል። ቆጠራው ከተመሰከረለት ድርሻው ይወጣለታል። ልብ በይ፣ ድርሻ ነው ያልኩሽ። ያሉትን ነቅሎ አይገባም። ዘመዶቹ ጠበብ ብለው ያስገቡታል። በወሬ ሲሉት ቀላል ነው እንጂ፣ አላስገባም ብለው ሲሟገቱት ዕድሜው የሚያልቅም ነበር። ሙግቱን ራሱን ልጅ ከአባቱ ይወርሰው ነበር እኮ።

ነገረ ፈጅ፦
ጋሼ ባላገሩ ካሉት ልቀጥል። ተረቱን ወደ ሕግ ቋንቋ ብናወርደው «ርስት ይርጋ አያግደውም» ማለት ነው። ይርጋ ማለት ጊዜ ሲያልፍ የመጠየቅ መብትም አብሮ የሚያልፍበት ደንብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ 15 ዓመት ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት ይሆናል ሲል፣ የቤተሰብ ርስትን ለብቻው ለይቶ ነበር ያየው።

በመንግሥታት መካከል ያለው ሕግ ግን ከዚህ ተረት ይልቅ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ለያዙት «መሬት ላራሹ» ይቀርባል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1928 አሜሪካና ኔዘርላንድስ ፓልማስ በምትባል ትንሽ ደሴት ተካሰሱ። አሜሪካ «ስፔን ቀድማ አግኝታታለች፣ እኔ ደግሞ የስፔንን ወርሻለሁ» አለች። ኔዘርላንድስ «ሳላቋርጥ ያስተዳደርኳት እኔ ነኝ» አለች። ዳኛው ማክስ ሁበር ለኔዘርላንድስ ፈረደ። መጀመሪያ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ በሰላምና ሳያቋርጡ ማስተዳደር ይበልጣል አለ።

ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን የሐኒሽ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 1995 ኤርትራና የመን በቀይ ባሕር ደሴቶች ተታኮሱ። ኋላ ለግልግል ዳኞች ሰጡት። የመን የመጣችው በርስት ክርክር ነበር፤ ደሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ የየመን ነበሩ፣ ኦቶማኖች (የዚያን ጊዜ ቱርኮች) ሲወጡም ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ አለች። ተረቱን ሊሉት ምንም አልቀራቸውም! ኤርትራ ደግሞ ከጣሊያን በኢትዮጵያ በኩል የደረሰኝ ነው አለች። ዳኞቹ በጥቅምት 1998 የሁለቱንም የጥንት ታሪክ ወደ ጎን አደረጉት። የመካከለኛው ዘመን የመን በዋናነት የተራራ አገር ነበረች፣ በባሕር ዳርቻው ላይ እንኳ ያላት ሥልጣን እምብዛም ነበር አሉ።

ከዚያ ምን እንደቆጠሩ ተመልከቱ። የመብራት ማማውን ማን ይጠብቃል? ለነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ የሰጠው ማን ነው? ዓሣ አጥማጁን የሚቆጣጠረው፣ ባሕሩን የሚቃኘው ማን ነው? ታላቁ ሐኒሽና ዙቀር ለየመን ሄዱ። ሞሐባካህ፣ ሄይኮክና ደቡብ ምዕራብ ዐለቶች የሚባሉት ለኤርትራ። የሁለቱ አገር ዓሣ አጥማጆች ግን እንደ ወትሮው አብረው ያጥምዱ ተባለ። ለእኔ የፍርዱ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው።

የሸገር ልጅ፦
ቆይ ቆይ። እንደዛ ከሆነ እኮ ጉልበት ያለው ገብቶ የመብራት ማማ ይተክላል፣ ከዚያ «አስተዳድሬያለሁ» ይላል። አለቀ! ታዲያ ከተረቱ በምን ተሻለ?

ነገረ ፈጅ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሁለት መከላከያ አለ። አንደኛው ቀን መቁረጥ ነው። ክርክሩ ለይቶለት ከተነሳበት ቀን በኋላ ይገባኛል ለማለት ብቻ የተሠራ ነገር አይቆጠርም። ሁለተኛው የ1945ቱ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ነው፤ በኃይል መሬት መያዝን ከልክሏል። በተግባር የቱን ያህል ይከበራል ካልከኝ ሌላ ወሬ ነው።

አፍሪካ ደግሞ ሌላ አጥር ጨምራለች። በ1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ነፃነት ስናገኝ ያገኘነውን ድንበር እናከብራለን አሉ። ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉም። ሶማሊያ ለምን እንዳልተቀበለች ኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻውም፤ 13 ዓመት ቆይቶ ኦጋዴን ላይ አይተነዋል።

የሸገር ልጅ፦
ፑቲንስ? እሱም እኮ የሺህ ዓመት ታሪክ ነው የሚደረድረው።

ባላገሩ፦
እሱን እኔ ልመልስ፣ ነገሩ የእኛ የዘር ቆጠራ ነውና። ሰውየው በ2021 ክረምት ረጅም ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሩሲያዊና ዩክሬናዊ አንድ ሕዝብ ነው፣ መነሻችን ኪየቭ ሩስ የሚባለው የጥንት መንግሥት ነው ይላል። አያችሁ? መሬቱ ከመጠየቁ በፊት አባት ተቆጠረ! ርስት የሚጠየቀው በአንድ አባት ልጆች መካከል ስለሆነ፣ ተረቱ እንዲሠራለት መጀመሪያ ዘመድ ማድረግ ነበረበት። ዩክሬን «የአባትህ ልጅ አይደለሁም» ስትለው ጉዳዩ ከሽማግሌ ወጣ። ደግሞ በእኛ አገር ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መድፍ ይዞ አይመጣም። በርስቱና በሚስቱ የመጣበትን ማን ዝም ይላል?

ነገረ ፈጅ፦
ጋሼ፣ ይሄን ማንም እንዲህ አልፈታልኝም። የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ በየካቲት 2022 በፀጥታው ምክር ቤት የተናገረውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የእኛ ድንበር ለንደን፣ ፓሪስና ሊዝበን ላይ በሌሎች እጅ የተሰመረ ነው፣ ወገን ከወገን ለያይቷል፣ ግን ያንን እያሰብን ብንኖር ዛሬም በደም እንታጠብ ነበር፣ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነው። ዘር ቆጠራ እንችላለን፤ ላለመቁጠር ተስማማን እንደማለት ነው።

ጥያቄ አያልቅባት፦
ወይ ጉድ፣ አንድ ርዕስ ጠይቄ ሴሚናር ሆነ። ወደ ኤሴኪቦዬ መልሱኝ እስቲ። ቬንዙዌላ ርስት ነው የምትጠይቀው ወይስ ሌላ?

ነገረ ፈጅ፦
ሁለቱንም ነው። አንድ እግሯ ርስት ላይ ነው፤ ከስፔን የወረስኩት ነው፣ ድንበሬ ኤሴኪቦ ወንዝ ነው ትላለች። ሌላው እግሯ ግን ፍርድ ማስፈረስ ላይ ነው። በ1899 ፓሪስ ላይ የተቀመጡ የግልግል ዳኞች አብዛኛውን መሬት ያኔ ጉያናን ትገዛ ለነበረችው ለእንግሊዝ ሰጡ። ቬንዙዌላ በጊዜው ተቀበለች። በ1949 ግን ለእሷ ከተሟገቱት ጠበቆች የአንዱ፣ የማሌ ፕሬቮ ማስታወሻ ከሞተ በኋላ ታተመ። ፍርዱ ከመጋረጃ ጀርባ የተደረገ ድርድር ነው የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ፍርዱ ፈራሽ ነው የምትለው። ይሄ በአማርኛ ርስት አይባልም። ተዛብቶ የተፈረደ ይታይልኝ ማለት ነው።

በ1966 ቬንዙዌላና እንግሊዝ ጄኔቫ ላይ በሰላም እንጨርሰው ብለው ተፈራረሙ። ነገሩ ለዓመታት አንቀላፋ። በ2015 ኤክሰን ሞቢል የሚባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ከባሕሩ ነዳጅ አገኘ፤ ጭቅጭቁም ነቃ። ጉያና በ2018 ሄግ ወዳለው የዓለም ፍርድ ቤት ሄደች። ቬንዙዌላ በታኅሣሥ 2023 ሕዝበ ውሳኔ ጠርታ ሕዝቤ የኔ ነው ብሏል አለች።

ስለዚህ ተረቱን ርዕስ አታድርጊው። ርዕሱ ላይ ከወጣ ለቬንዙዌላ ፈረድሽላት ማለት ነው፤ «ባለቤቱ» የሚለው ቃል ክርክሩን ገና ሳይጀመር ጨርሶታል። «የይገባኛል ጥያቄ» ደረቅ ነው፣ ግን ለማንም አያዳላም። ጠያቂው ራሱ ይገባኛል አለ ማለት ነው፣ በቃ። ዜና ላይ «አወዛጋቢው ግዛት» የሚሉትን ግን እኔ አልወደውም፤ የሚወዛገቡት ሰዎቹ ናቸው፣ መሬቱ ምን አደረገ?

ጥያቄ አያልቅባት፦
እሺ፣ ተረቱን አወጣሁት። «በላ ልበልሃ በሄግ» ብለውስ?

ባላገሩ፦
እሰይ! ይሄ ሙግት ሙግት ይሸታል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በበላ ልበልሃ ሁለቱም ተሟጋች ዋስ ይጠራል፤ ፍርዱን እቀበላለሁ ሲል ነው። ያቺ አገር ዋስ ጠርታለች ወይ?

ነገረ ፈጅ፦
አልጠራችም፣ ጋሼ። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጉዳይ ሥልጣን የለውም ባይ ናት። በ2024 ግን መልሷን በጽሑፍ አስገብታለች።

ጥያቄ አያልቅባት፦
እንግዲያው ጥያቄ ምልክት ጨምሬበት ለአርታኢው ልኬዋለሁ። «ይሄ ከምን መጣ?» ካለኝ ወደዚህ ነው የምልከው።