ለጥናታዊ ጽሑፌ ቁልፍ ቃላት መምረጥ ስለቸገረኝ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የበልግ ዝናብ መዛባት በደላንታ ወረዳ ገብስ አምራቾች ላይ ስለሚያሳድረው ጫና የሠራሁትን ጥናት በእንግሊዝኛ ለሚታተም ጆርናል ለመላክ ስዘጋጅ፣ ከአኅጽሮተ ጥናቱ ሥር የሚሰፍሩት 6 ቁልፍ ቃላት ከጽሑፉ ይልቅ አስጨንቀውኛል።

በመጀመሪያ «ኢትዮጵያ»፣ «ግብርና» እና «ዝናብ» ብዬ ነበር፤ በጉግል ስኮላር ስሞክራቸው ግን የሚመጣው ጽሑፍ ስፍር ቁጥር ስለሌለው የእኔው በመካከሉ ጠፍቶ እንደሚቀር ተረዳሁ። «በልግ»ን ብቻ ብይዝ ደግሞ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ይህን ዝናብ በስሙ የሚፈልገው አገሩን የሚያውቅ አንባቢ ብቻ ይሆናል። «ወሎ» እንኳ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ከደብልዩ ቀጥሎ «ኦ»፣ ሌላው «ኢ» ያስገባል፤ ሁለቱንም ልጻፍ ብል፣ አገሬን ብወድም፣ ከስድስቱ ሁለቱ ለአንድ ስም ይውላሉ።

በርዕሱ ያሉትን ቃላት አትድገም የሚሉኝ አሉ፤ ርዕሱም ቢሆን በፍለጋ ስለሚገኝ ምክሩ ትክክል ይመስለኛል። ታዲያ «በልግ»ን በርዕሱ ትቼ፣ ለቁልፍ ቃላቱ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከሚያዘጋጀው የግብርና ቃላት ስብስብ ከአግሮቮክ አቻ ብወስድ ይሻላል? የወረዳውን ስም ልጨምር ወይስ ልተው? በዚህ ያለፋችሁ ብትመሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።